ጅቡቲ ደርሳለች

መኪና ገዝቶ መንዳት ማንም ያደርገዋል። ገንዘብ ያለው ይገዛል፣ እግር ያለው ነዳጅ ይረግጣል። ምን ጥበብ አለው? ጥበብ ማለት ሳይገዙ መንዳት ነው። በዚህ ደግሞ ጎንደርን የሚያህል የለም። ፒያሳ ላይ አንድ ማኪያቶ ይዘህ ተቀመጥ፤ ጨልጠህ ሳትጨርስ ቢያንስ ስለ ሁለት መኪና ትሰማለህ። ሁለቱም ጅቡቲ ናቸው።

አንዱን ወዳጄን ላስተዋውቃችሁ። ስሙን አልጠራም፣ ሰውም በስሙ አይጠራውም። «አባ ፖርሽ» ነው የምንለው። የድሮዎቹ የፈረስ ስም ነበራቸው፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። እነሱ ግን ፈረሱ በረት ከገባ በኋላ ነው ስሙ የወጣላቸው። የኛ ሰው ስሙን አስቀድሟል። ፈረሱ ይደርሳል።

«ኦርደር አድርጌያለሁ» ካለ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ያዘዛት የጀርመኑ ፖርሽ ፋብሪካ የሚሠራትን የስፖርት መኪና፣ 911 ጂቲ3ን ነው። ከዜሮ መቶ ለመግባት 3.4 ሰከንድ ይበቃታል። «እንደምን አደርክ» ብለህ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሳትባል መቶ ገብተሃል ማለት ነው፤ በጎንደር ሰላምታ ደግሞ ገና የከብቱ ጤና አልተጠየቀም። እንዲህ ያለችዋን መኪና ብር ስላለህ ብቻ ሄደህ አትገዛም፤ ሻጩ የሚደርሰው በቁጥር ስለሆነ ቀድሞ ለደንበኞቹ ነው የሚያድለው። ወዳጄ ይህን ሲያስረዳ ፊቱ ይበራል። ኮታ መሆኗ ነዋ! እኛ በኮታ የምናውቀው የቀበሌ ስኳርና ዘይት ነው፣ ለሱ ግን ጀርመን ሽቱትጋርት ድረስ ተራ ተይዞለታል።

ለጀርመኖቹ ስንት ብር ከፈልክ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ይህን የሚጠይቅ ምቀኛ ነው።

ከሁሉ የማልረሳው የፍሬኑን ክርክር ነው። ፋብሪካው ድረ ገጹ ላይ መኪናዋን እንደ ሙሽራ እንድታስውባት ይፈቅድልሃል፤ የወንበሯ ስፌት ክር፣ የቀበቶዋ ቀለም፣ ሁሉም ምርጫ ነው። የፍሬን ካሊፐሯ፣ ማለትም ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ክፍል፣ ቀይ ይሁን ቢጫ በሚለው ላይ አምስት ሆነን ሦስት ማታ ተከራከርን። ቢጫው ሴራሚክ ዲስክ ላለው ነው፣ ጨመር ያለ ገንዘብ ይጠይቃል። አንዱ ጓደኛችን፣ የወር ደመወዙ ከወር የማያደርሰው፣ ጠረጴዛውን መትቶ «በፍሬን አይቀለድም! ቢጫ ይሁን!» አለ። በሙሉ ድምፅ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ወጥተን ባጃጅ ያዝን። የባጃጁ ፍሬን ሸራ አልቆ ሾፌሩ ቁልቁለቱን በማርሽና በሸበጥ ጫማው ነበር የሚይዘው። ስለዚያ ማንም ምንም አላለም።

አንድ ፊዚክስ የተማረ ሰው መጥቶ ሊያበላሽብን ሞክሮ ነበር። የጂቲ3 ሞተር አየር ገፍቶ የሚያስገባለት ቱርቦ የለውም፣ 510 የፈረስ ጉልበቱ የሚቆጠረው ከባሕር ጠለል አካባቢ ነው አለን። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ አንድ አምስተኛው ጉልበት ይጠፋል። ጅቡቲ ላይ በ510 ፈረስ የተነሳች መኪና እዚህ ስትደርስ መቶው ፈረስ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ዝም አልን። አባ ፖርሽ ማኪያቶውን ፉት አለና «መቶው ለነዳያን ይሁን» አለ። እንዲህ ያለ ቸርነት የት ይገኛል? ገና ያልደረሰበትን ሀብት የሚመጸውት ሰው እኔ ሌላ አላየሁም።

የአዋጁም ነገር አልበገረውም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነች አዲስ መኪና ላይ መቶ በመቶ ይጥላል፣ ቀረጡና ተእታው ሳይቆጠር። «ይከፈላል» አለ። በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ከነጭራሹ እንዳይገባ ተባለ። ያን ቀን አዘንኩለት፣ ሊጽናና ይገባዋል ብዬ ፒያሳ ሄድኩ። እሱ እቴ! ሁለት ጊዜ ፉት እስኪል ድረስ ጂቲ3ን ሰርዞ ታይካን የምትባለውን ሌላ ፖርሽ አዝዟል፣ ኤሌክትሪክ ናት። «የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ አይበግረውም» አለን፤ ልክ ነው፣ አየር አይፈልግም። መቶውን ፈረስ ከነዳያን ነጥቆ መለሰው።

የት ቻርጅ ታደርጋታለህ ያለው አንድ ልጅ ነበር። «መብራት ሲመጣ» ብሎታል።

እትዬ አከራዩም አምነዋል። ግቢያቸው መኪና እንዲያስገባ የቆርቆሮ በራቸውን አስፈርሰው በአንድ ሜትር አሰፉት። ቀጥለው «ግቢው መኪና ያስገባል» ብለው ኪራዩን ጨመሩበት። ከፈለ፣ እየከፈለም ነው። እስካሁን በሩ ያስገባው ፍየል ብቻ ነው። ከፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ ዞብል የሚባለው የንጉሡ ፈረስ መቃብር ነው የሚባል ሕንፃ አለ፤ እዚያ ለሞተ ፈረስ ቤት ሠሩ፣ እዚህ ላልተወለደ። አገሩ ለፈረስ ክብር ያውቃል።

ደግሞ ለጋስነቱ። እኔ ባለሁበት ብቻ ሲቆጠር ለአስራ ሰባት ሰው «ስትመጣ አንሸራሽርሃለሁ» ብሏል። አንዲት እማማ ቁስቋም ዳገቱን እንዲያወጣቸው ቃል አስገብተው «ማርያም በሰላም ታግባልህ ልጄ» ብለው መርቀውታል። ጂቲ3 ወንበሯ ሁለት ነው። ታይካን ላይ ሲመጣ አራት ሆኗል፣ እማማ ተራቸው ትንሽ ቀረብ ብሏል።

ባለፈው ጥር ለአክስቴ ልጅ ሠርግ «ሙሽራዋን በኔ ነው የምናመጣት» አለ። ሌላ መኪና ሳንከራይ ጠበቅን። በሠርጉ ማለዳ ሱፉን ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ በባጃጅ መጣ። «ጉምሩክ አንድ ወረቀት አጎደሉባት» አለ። ማንም አልተቆጣም፤ እንዲያውም አጎቴ «ጉምሩክ እኮ አስቸጋሪ ነው» ብሎ አጽናናው። ሙሽራዋ በተለመነ ቪትዝ ሄደች፣ ቬሎዋ በር ዘግቶ አልገባ ብሎ ጫፉ በመስኮት እየተውለበለበ። አባ ፖርሽ ጃንተከል ዋርካ ጋ ስንደርስ ራሱን ነቀነቀና «እዚህ ስር አላቆማትም፣ ወፍ ቀለሟን ያበላሽብኛል» አለ። እኔም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ «እውነትህን ነው» አልኩት።

ንብረቱን አላየህም እንዳትሉኝ። የቁልፍ መያዣውን አይቻለሁ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው የላከለት፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ፈረስ ያለበት ጋሻ የመሰለ ምልክት አለው። ካፌ ሲገባ ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጎ፣ ፈረሱን ወደ እንግዳ አዙሮ ያስቀምጠዋል። አስተናጋጇ ሒሳብ ስታመጣ እንኳ እሱን ሳትነካ ከጎኑ ነው የምታኖረው። መያዣው ላይ አንድ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የጓንጉል ነው፣ የቤቱ።

እናንተ ምናልባት ጉራ ትሉታላችሁ። ስንቶቻችን «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» እያልን አምስት ዓመት በክብር ኖረናል፣ ስንቱ «ብድሩ ሊለቀቅ ነው» ብሎ ሚስት አግብቷል! የመጣች መኪና ቦሎ ትፈልጋለች፣ ጎማ ትፈልጋለች፣ ለነዳጅ ታሰልፍሃለች፣ ኮብልስቶኑ ላይ ሆዷን ትፋቃለች። የታዘዘች መኪና ግን አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጭረት የላትም።

ትናንት ማታ «ቀለሟን ወደ ነጭ ልቀይር ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ። «አይሆንም! ሰማያዊ ናት ብዬ ለስንት ሰው ተናግሬያለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። ትንሽ ተኮራረፍን። ከዚያ አንድ ባጃጅ አስቆምን። ሾፌሩ ዞር ብሎ አየውና «ወንድምዓለም፣ ደረሰች እንዴ?» አለው።

«ጅቡቲ ደርሳለች።»

«እሰይ! ስትመጣ አንድ ዙር ታስነዳኛለህ፣ ዛሬ የሁለታችሁንም ተውት።»

ቁልቁለቱን ስንያያዘው ጎን ለጎን ነበርን። ወደ ታች ስመለከት አባ ፖርሽ ቀኝ እግሩን የባጃጁ ወለል ላይ በኃይል ረግጦ ይዟል። ፍሬን መያዙ ነው።