«ሶፍትዌራችሁን አድሱ» መልስ አይደለም

የአዲሱ ካሜራቸው ሮው ፋይል (ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀባዩ ቺፕ፣ የመዘገበው ያልተቀናበረ ጥሬ ምስል) በፎቶ ማረሚያ ፕሮግራማቸው አልከፈት ያላቸው ፎቶግራፈሮች ሰሞኑን ከአንድ አምራች ያገኙት ምላሽ ያው የለመድነው ነው፦ «ሶፍትዌራችሁን አድሱ፤ ፎርማቱ የተዘጋው የሴንሰሩን ቴክኖሎጂ ለመጠበቅ ነው»።

ይህ ውሃ የማይቋጥር ምክንያት ነው። የሴንሰሩ ምስጢር ያለው ሲሊከኑ ውስጥ ነው። ፋይሉ የያዘው የቁጥር ክምርና ቁጥሮቹ እንዴት እንደሚነበቡ የሚናገር ጥቂት መረጃ ነው፦ ጥቁር ከስንት እንደሚጀምር፣ ነጭ ስንት ላይ እንደሚሞላ፣ የቀለም ማጣሪያው አደራደር፣ የዋይት ባላንስ ማባዣዎች (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለማቱ የሚባዙባቸው ቁጥሮች)። ከዚህ ተነስቶ ሴንሰር የሚኮርጅ የለም። ደግሞስ መቼ ተደብቆ ቀረ? ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2005 የዲ2ኤክስ ካሜራውን የዋይት ባላንስ መረጃ ቢመሰጥረውም ብዙም ሳይቆይ ተፈታ። ዴቭ ኮፊን የሚባል አንድ ፕሮግራመር ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ በዲሲሮው ፕሮግራሙ የስንቱን አምራች ፎርማት ፈትቷል። ድብብቆሹ ተፎካካሪን አላገደም፤ ዕዳውን የሚከፍለው የፎቶው ባለቤት ነው።

እንዴት እንደሚከፍል በጥቁሩ መነሻ ብቻ እንየው። ባለ14 ቢት ፋይል ከ0 እስከ 16383 ይቆጥራል። ካሜራው ጥቁርን ከ2048 ጀምሮ እያለ ሶፍትዌሩ 512 ነው ብሎ ቢገምት በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ 1536 ትርፍ ይቀራል። ዋይት ባላንሱ ቀዩን በ2፣ ሰማያዊውን በ1.5 ሲያባዛ ትርፉ በቀይ 3072፣ በሰማያዊ 2304 ይሆናል፤ አረንጓዴው እዚያው 1536 ላይ ነው። ድቅድቅ ጥቁር መሆን የነበረበት ጥላ ሁሉ ሐምራዊ ለብሶ ይመጣል። የነጩ ጣሪያ ከእውነተኛው በላይ ከተገመተ ደግሞ ብርሃን የበዛበት ሰማይ ሮዝ ይሆናል። ፎቶግራፈሩ ኤክስፖዠር ያበላሸ መስሎት ቀለም ሲያስተካክል ይውላል። ጥፋቱ ግን አምራቹ እያወቀ ያልነገረን አንድ ቁጥር ነው!

ዲኤንጂ የተባለው የአዶቢ ክፍት ሮው ፎርማት ይህን ጣጣ የፈታው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እነዚህን ቁጥሮች በታወቀ ቦታ፣ በግልጽ ስለሚይዝ የካሜራውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ፕሮግራም እንኳ ሊከፍተው ይችላል። ሰነዱም ለማንም ክፍት ነው።

«አድሱ» ማለት ብዙ ጊዜ «እንደገና ክፈሉ» ማለት ነው። የአዶቢ ፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ላይትሩም 6 እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ እትም 6.14 ላይ ቆመ። በቀጣዩ ዓመት ካኖን ሲአር3 የተባለ አዲስ ሮው ፎርማት በኢኦኤስ ኤም50 ካሜራው ሲያመጣ የገዛችሁት ፕሮግራም ፋይሉን አላውቅህም አለው። መውጫው የአዶቢ ነፃ የዲኤንጂ መቀየሪያ ነው፤ በተኳኋኝነት ምርጫው ላይ ከፕሮግራማችሁ ጋር የሚስማማውን እትም ምረጡ። «ሊኒየር» የሚለውን አትንኩ፤ ለእያንዳንዱ ፒክስል ሦስቱንም ቀለም ስለሚጽፍ ፋይሉ ያብጣል። ዋናውን ፋይልም አትሰርዙ፤ የካኖን የራሱ ፕሮግራም ዲኤንጂ አይከፍትም። ይህ ግን ማስታገሻ ነው። የአንድ ሠርግ ሁለት ሺህ ፎቶ በዚህ መንገድ ማሳለፍ ጊዜም፣ ዲስክም ይበላል።

አይቻልም የሚል ካለ ላይካን ይመልከት፤ በዲኤንጂ ያነሳል። ፔንታክስም ለዓመታት በካሜራው ሜኑ ላይ የራሱን ፒኢኤፍ ወይም ዲኤንጂ ሲያስመርጥ ኖሯል። ሌሎቹም ይህችን ምርጫ በሚቀጥለው የፈርምዌር (የካሜራው ውስጣዊ ፕሮግራም) እድሳት ያስገቡ። እምቢ ካሉ የፎርማቱን ሙሉ ሰነድ ካሜራው ለገበያ በሚቀርብበት ዕለት ያውጡ።