ፍሬን የሚያስይዝ በሽታ

ሾፌር ፊት ለፊቱን ማየት አለበት ይባላል፤ እንደ እኔ ያለው ግን አንድ ዓይኑን ለመንገዱ ትቶ በሌላው የሰው ግቢ ሲበረብር ይውላል። ከአጥር ጀርባ፣ ከሸራ ሥር ወይም ከረጅም ሣር መሐል የአሮጌ መኪና አንዲት ክብ የፊት መብራት ብቅ ካለች፣ እግሬ ከእኔ ጋር ሳይመክር ፍሬን ይረግጣል። መስታወቷ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ካርቶን ከተለጠፈ ደግሞ፣ ከኋላዬ የሚመጣው ሰው ጥሩንባውን እያስጮኸ ዘር ማንዘሬን ቢያነሣም አይሰማኝም።

የዚህ በሽታ ሕሙማን ዓይናችን የዋዛ አይደለም። ቮልስዋገን ቢትልን በሩጫ ስናልፍ የምናየው የኋላ መስኮቷን ነው፤ መስኮቱ መሐሉ ላይ በቀጭን ዘንግ ለሁለት ከተከፈለ እስከ 1953 እ.ኤ.አ. የተሠራች ናት፤ እንደ እንቁላል ከሞለለ እስከ 1957 ከተሠሩት ናት፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት መስኮታቸው ሰፊ ነው። ይህን ሁሉ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየበረርኩ የምለየው ሰውዬ፣ ባለቤቴ የሳሎኑን መጋረጃ መቀየሯን ለማስተዋል ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ከማየቱ ይልቅ የሚከብደው ያዩትን እንዳላዩ መሆን ነው፤ ያውም ከሁለት ሰው ፊት። በቅርቡ አንዲት ቢትል አይቼ፣ «ጎማው ድምፅ ያሰማ መሰለኝ» በማለት ዳር ያዝኩ።

«ይህ ጎማ የሚጮኸው አሮጌ መኪና ሲያይ ብቻ ነው?» አለችኝ ባለቤቴ።

ባለንብረቱም በር ላይ ቆመው ፈገግ ብለዋል። የአሮጌ መኪና ዋጋ የሚተመነው ገዢው ፍሬን በያዘበት ድንጋጤ ልክ ስለሆነ፣ ጎማዬ አስፋልቱ ላይ የጻፈውን አዛውንቱ ቀድመው አንብበውታል።

«እንደዚች ያለች ከየትም አይገኝም» አሉኝ። በ2003 እ.ኤ.አ. የመጨረሻዋ ቢትል ሜክሲኮ ውስጥ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ እኅትማማቾች መወለዳቸውን እያወቅሁ፣ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። «የጎደላት ባትሪ ብቻ ነው» ሲሉም ነቀነቅሁ። (ባትሪ ብቻ የጎደላት መኪና ለምን ዓመታት ቆማ እንደምትኖር እስከ ዛሬ የነገረኝ ሻጭ የለም።)

ኪሴ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አይጠፋም፤ ብረት ላሜራ ሲያገኝ ይጣበቃል፤ ዝገት በወፍራም ስቱኮ ከተሸፈነ ግን አይዝም። ለአዛውንቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ከበሩ በታች ባስጠጋው ለቅጽበት ያመነታ መሰለና መሬት ላይ ወደቀ። የኋላውን ወንበር አነሣሁ። በቢትል ባትሪው የሚቀመጠው ከዚያ ሥር በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ አሲድ ካፈሰሰ መጀመሪያ የሚበላው ወለሉን ነው። የጎደላት ባትሪ ብቻ አልነበረም፤ ባትሪው የሚያርፍበትም አልነበራትም። በቀዳዳው የበቀለው ሣር ቀና ብሎ ያየኛል። ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ አመስግኖ ይሄዳል፤ እኔ ግን «ይህማ በቀላሉ ይበየዳል» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ዞር ብዬ ሳይ አዛውንቱ አልተናገሩም፤ የራሴ ድምፅ ነበር።

ለነገሩ ካርቶኑን ቀረብ ብዬ ሳየው ፀሐይ አንጥቶት ፊደሎቹ በጭንቅ ይነበባሉ።

«ከለጠፉት ብዙ ጊዜ ሆነዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ መች ለጠፍኩት ልጄ!» አሉኝ። «እኔም እንዳንተው በመንገድ ሳልፍ አይቻት ነው የገዛኋት፤ ካርቶኑ ያኔም ነበረባት።»

ስልካቸውን መዝግቤ ስመለስ፣ ባለቤቴ ከመሪው ኋላ ተቀምጣ፣ ቀበቶዋን አስራ፣ ሞተሩን አስነሥታ ጠበቀችኝ። እስከ ቤት ድረስ ጎማው አንድም ድምፅ አላሰማም።