ማስተካከያ፦ የሳልሞን የዘይት ክትባት ጉዳት አለው

ባለፈው ስለ ኖርዌይ እርባታ ሳልሞን በወጣው ጽሑፍ ላይ «በዘይት የተዘጋጀ ክትባት ዓሣውን ምንም አይጎዳም» የሚል አለ። ይሄ ልክ አይደለም። ይጎዳል፤ ጉዳቱም በዓይን ይታያል።

ክትባቱ የሚሰጠው ዓሣው ገና ወደ ባሕር ሳይገባ፣ ሆዱ ውስጥ በመርፌ ነው። ዘይቱ ቶሎ አይጠፋም፤ እዚያው ቆይቶ የመከላከያ አቅሙን ሲቀሰቅስ አካባቢው ይቆጣል፣ ከዚያ አንጀቱና ሌላው የሆድ ዕቃ እርስ በርሱና ከሆድ ግድግዳው ጋር ይጣበቃል። የዓሣውን ሆድ ስትከፍቱ ነጭ ክር የመሰለ ጠባሳና ጥቁር ነጠብጣብ ታያላችሁ። ባለሙያዎች ይሄንን ስፔይልበርግ በሚባል መለኪያ ከ0 እስከ 6 ደረጃ ይሰጡታል። ሲብስ ዓሣው የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ዕድገቱም ወደኋላ ይቀራል። በጣም ትንሽ ሆኖ ከተከተበ ወይም ውሃው ሞቅ ካለ ደግሞ ችግሩ ይከፋል።

ግን «እንግዲያው ክትባቱ ይቅር» የሚሉትም ተሳስተዋል፣ ይሄን በደንብ እንያዘው! ፉሩንኩሎሲስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታና ሌሎችም የኖርዌይን እርባታ ባስጨነቁበት ዘመን፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ 48 ቶን አንቲባዮቲክ ዓሣ ላይ ውሏል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዘይት ክትባት ገባ፤ ምርቱ እየጨመረ አንቲባዮቲኩ በጥቂት ዓመታት ወደ 1 ቶን ገደማ ወረደ። ስለዚህ መፍትሔው ጉዳቱን መቀነስ ነው። የአንዳንዶቹ ክትባቶች መጠንም ከ0.2 ሚሊ ሊትር ወደ 0.1፣ ኋላም ወደ 0.05 ዝቅ ብሏል።