የቀዶ ጥገናው ጥቅል በአምስተኛው ቀን ያልቃል፤ ችግሩ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ወደ ኢስታንቡልና ወደ ሕንድ የሚያስኬዱ የሕክምና ጉዞ ደላሎች (“አስተባባሪ” መባል ይመርጣሉ) የውፍረት መቀነሻ ቀዶ ጥገናን እንደ ጫጉላ ሽርሽር እየሸጡት ነው። በአምስተኛው ቀን ጣና ዳር ቁጭ ብላችሁ ቡናችሁን ትጠጣላችሁ ይላሉ። ችግር ቢፈጠርስ ሲባሉ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፦ ላፓራስኮፒ ስለሆነ ቀዳዳው የጣት ጥፍር አያክልም፤ ደግሞም እዚሁ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም የሚባሉ ሆስፒታሎች አሉ።

ከቀዳዳው እንጀምር። ቆዳ ላይ የሚቀሩት 4 ወይም 5 ቀዳዳዎች ከ5 እስከ 12 ሚሊ ሜትር መሆናቸው እውነት ነው። ውስጥ ግን፣ ስሊቭ በሚባለው ቀዶ ጥገና፣ ከጨጓራው 75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። የቀረው በስቴፕለር ይሰፋል። አንዱ ካርትሪጅ (የስቴፕለሩ ሽቦ ማቀፊያ) በተለምዶ 60 ሚሊ ሜትር ነው፤ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት ይተኮሳል። ሆድ ውስጥ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ የብረት ስፌት አለ ማለት ነው። በዚያ ስፌት ሰው ይታመማል፤ ይሞታልም። ቀዳዳውን እያሳዩ ስፌቱን መሸፈን በእኔ ቋንቋ ማጭበርበር ይባላል።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ክፉ ነው አልልም። ጥሩ ማዕከል ውስጥ የሚሞተው ከ1,000 ሰው አንድ ገደማ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ከባድ ውፍረትም በሽታ እንጂ ስንፍና አይደለም። ጥያቄዬ ስለ ቀን መቁጠሪያው ነው። ደም መፍሰስ በአብዛኛው በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን፣ ሐኪሙ አጠገብ እያለ ይታያል። ስፌቱ ሲያፈስ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በሽተኛው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ አልፎ አልፎም ከዚያ ዘግይቶ ነው። እግር ውስጥ የሚረጋው ደምም የሚበዛው በመጀመሪያው ወር፣ ቤት ከተገባ በኋላ ነው። እነዚህ ሰዎች ታዲያ በአምስተኛው ቀን ሰውየውን ከአምስት ሰዓት በላይ ወንበር ላይ አጣጥፈው ያመጡታል! ቢያንስ 14 ቀን ሆስፒታሉ አጠገብ መቆየት የግድ ነው። የሆቴሉ ኪራይ ጥቅሉን ካስወደደው ይወደድ።

አሁን ወደ “እዚሁ ሆስፒታል አለ” እንምጣ። ሆስፒታልማ አለ፤ ጎበዝ ቀዶ ሐኪሞችም አሉ። ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሰዓታት ምን እንደሚሆን ግን ደላላው አስቦት አያውቅም። በስምንተኛው ቀን ትኩሳትና የሆድ ሕመም ይመጣል። ጣና ዙሪያ ትኩሳት ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው፤ ቀጥሎ ታይፎይድና ታይፈስ። ኮርስ ይጀመርለታል፤ ሁለት ቀን በከንቱ ይቃጠላል። ሆዱ ሲዳሰስ ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ ወፍራም ሰው ላይ የሆድ ውስጥ መመርቀዝ ብዙ ጊዜ በእጅ አይገኝም። የሚያጋልጠው የልብ ምት ነው። አርፎ ተኝቶ በደቂቃ ከ100 በላይ ከዘለቀ ሐኪም ጋ ይደወላል፤ 120 ካለፈ፣ ትኩሳት ባይኖርም፣ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። የግራ ትከሻ ሕመምና ትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሲቲ ስካኑ የሚጠጣ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ) ይፈልጋል፤ እሱም በትንሽ በትንሹ እንጂ እንደ ድሮው ሊትር ሙሉ አይጠጣም። ውጤቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ምቱ ካልወረደ ነገሩ አላለቀም።

ከዚህ የሚብሰው ግሉኮስ ነው። እኛ ዘንድ ያስታወከና የደከመ ሰው ግሉኮስ ይሰቀልለታል፤ ካልተሰቀለለት ቤተሰብ ራሱ ይቆጣል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲያስታውክ የቆየ የስሊቭ ወይም የባይፓስ (ጨጓራው አንሶ ከአንጀት ጋር በአዲስ መንገድ የሚጋጠምበት ቀዶ ጥገና) ታካሚ ሰውነቱ ውስጥ የታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ክምችት ያልቃል። በዚያ ላይ ባዶ ግሉኮስ ሲገባ የቀረችውንም ጠራርጎ ይጨርሳትና አንጎል ይጎዳል፤ ወርኒኬ ይባላል። ሰውየው ይወላገዳል፣ ዓይኑ ይንቀጠቀጣል ወይም ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል፣ ይዘባርቃል። ቤተሰብም “አእምሮውን ነካው” ብሎ ሌላ መፍትሔ ፍለጋ ይወጣል። መከላከያው ርካሽ ነው፦ ታያሚን በደም ሥር ቀድሞ ወይም አብሮ፣ ፈሳሹም ኖርማል ሳላይን። ወርኒኬ ከተጠረጠረ መጠኑ በቀን ሦስት ጊዜ ከ200 እስከ 500 ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ አንድ የቢ ኮምፕሌክስ ክኒን እዚያ አይደርስም። ሕመም ሲሉ የሚወጋው ዲክሎፌናክም፣ በተለይ ባይፓስ ላደረገ ሰው፣ አዲሱን መጋጠሚያ ያቆስላል። ለማስታወክ ተብሎ በአፍንጫ በጭፍን የሚገባው ቱቦ ደግሞ ትኩስ ስፌት ሊበሳ ይችላል። ይህ ሁሉ በክፋት አይደረግም። ተረኛው ሐኪም ምን እንደተሠራ የሚነግረው ወረቀት ስለሌለው ነው።

ስለዚህ ወረቀቱ ከቲኬቱ ይቀድማል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የኦፐሬሽን ኖት ያስፈልጋል፤ ስሊቭ ነው ባይፓስ፣ ስንት ካርትሪጅ ተተኮሰ፣ የመፍሰስ ፍተሻው ምን አሳየ፣ ደም ማቅጠኛው መርፌ እስከ ስንት ቀን ይወሰዳል። ስልኩም የቀዶ ሐኪሙ እንጂ የአስተርጓሚዋ መሆን የለበትም። ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ አንድ ቀዶ ሐኪም ጋ ቀርባችሁ “ስመለስ ይቀበሉኛል?” ብላችሁ ጠይቁ፤ ኤች ፓይሎሪም ያኔ ተመርምሮ ይታከም። ግላይቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ መጠኑ ካልተስተካከለ ስኳራችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ሊወርድ ይችላል።

ገንዘብም ይቀመጥ። የሚያፈስ ስፌት የፈሰሰውን በቱቦ ማስወጣት፣ ምናልባት ስቴንት (ቀዳዳውን ከውስጥ የሚሸፍን ቱቦ)፣ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ስቴንት ፍለጋ አዲስ አበባ ቢባል የጎጃም መንገድ እንደ ልብ አይኬድም፤ አውሮፕላኑም እንደዚያ የታመመ ሰው ያለ ሐኪም ወረቀት ላይጭን ይችላል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመመለሻ ቲኬትና የሁለተኛ ቀዶ ጥገና ዶላር በአንድ ሌሊት ከዘመድ የሚለቀም አይደለም።

ምስጢር ማድረጉንም ተዉት። ለጎረቤት አይነገር፣ እሺ። ቤት ውስጥ ግን አንድ ሰው ይወቅ፤ ካልሆነ እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ የመጣው ሁሉ በገንፎና በጉርሻ ይረባረብባታል። ያ ጨጓራ ሁለት የቡና ስኒ ቢይዝ ነው። ጠበልም ቢሆን በጉንጭ እንጂ በጆግ አይጠጣም። ፈሳሽ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ 1.5 ሊትር መሙላት አለበት፤ 12 ሰዓት ሙሉ ምንም አልረጋ ካለ ነገን መጠበቅ የለም። ለሁዳዴም የንስሐ አባት ቀድመው ይነገራቸው፤ በቀን 60 ግራም ፕሮቲን በሽሮ ብቻ እዚያ ስኒ ውስጥ አይገባም።

የደላላው ጥቅል ውስጥ ከአውሮፕላን ማረፊያ መቀበያ መኪና አለ፤ አንዳንዱ የቦስፎረስ የጀልባ ሽርሽርም ይጨምራል። እስቲ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር በጽሑፍ ይስጣችሁ፦ በአሥረኛው ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ምታችሁ 130 ቢሆን የማን ስልክ ይነሣል፣ የመመለሻ ቲኬቱንስ ማን ይከፍላል?