ገና ገንዘቡ እየገባ ሳለ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው አያስደስታችሁም። እኔንም አላስደሰተኝም። በአንድ ሥራ ብቻ በሚተዳደር አካባቢ ለተወለደ ሰው ያንን ሥራ መንቀፍ እናቱን እንደ መንቀፍ ነው። እኔንም ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ ያው ሥራ ነው። ግን እስከ መቼ ዝም እንባባል? ገበያው እየጠበበ ነው። ጡረታ በወጣው ሰው ቦታ አዲስ አይቀጠርም። ለተበላሸው ማሽን መለዋወጫ የሚገኘው ከሌላ የተበላሸ ማሽን ተነቅሎ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ማታ ማታ በየቤታችን በሹክሹክታ እናወራዋለን። አደባባይ ስንወጣ ግን "ጊዜያዊ ነው፣ ያልፋል" እንላለን።

የሥራውን ስም አልጠራም። ማዕድን ይሁን ፋብሪካ፣ ዓሣ ይሁን አንድ ዓይነት ሰብል፣ በሽታው ያው ነው። የምነግራችሁ የሌሎችን ታሪክ ነው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የራሳችሁን እናንተው አስቡት።

መጀመሪያ ግን አንድ ቤት እንግባ። አባት እዚያ ይሠራል። እናት የሠራተኞቹ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ትልቁ ልጅ ለዚያው ሥራ የሚሆን ሙያ ይማራል። ቤት ሠርተዋል፤ የቤቱ ዋጋ የወጣው ሥራው ስላለ ነው። ትንሽ ገንዘብ ሲተርፋቸው ደግሞ ለሠራተኛ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች ጨመሩ። ይህ ቤተሰብ አራት መተዳደሪያ ያለው ይመስለዋል። ያለው አንድ ብቻ ነው። ሥራው የቆመ ቀን ደመወዙም፣ የትምህርት ቤቱ በጀትም፣ ኪራዩም፣ የቤቱ ዋጋም አብረው ይወርዳሉ። "ካልሆነ ቤቴን ሸጬ እሄዳለሁ" የሚል አለ። ለማን? ሁሉም ሻጭ በሆነበት ቀን ገዢው ከየት ይመጣል?

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የሥራው ባለቤቶች እንደ እኛ አልተቀመጡም። እነሱ ገንዘባቸውን እዚህም እዚያም በትነውታል። ይህ ቢዘጋ ሌላ አላቸው። ያለንን ሁሉ አንድ ቦታ የከመርነው እኛ ነን።

አሁን ወደ ኒውፋውንድላንድ ልውሰዳችሁ፣ ካናዳ። የማነሳቸው ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። ከማንም በላይ ለፍቶ አዳሪ ነበሩ። ኮድ በሚባል አንድ ዓሣ መቶ ዓመት ከመቶ ዓመት ኖሩ። በ1497 ጆን ካቦት ያንን ባሕር አይቶ ሲመለስ፣ ዓሣው ቅርጫት ቢወርድለት ይታፈሳል ተብሎ ተወራ። ከዚያ በ1960ዎቹ ከየአገሩ ግዙፍ መርከቦች መጡ። በ1968 ብቻ 800 ሺህ ቶን ገደማ ኮድ ከባሕሩ ወጣ። በ1977 ካናዳ እስከ 200 ማይል ያለውን ባሕር ተቆጣጥራ የውጮቹን ገፋች። ሰዉ እፎይ አለ። እፎይታው ግን አልበረከተም። የውጮቹን ቦታ የራሷ ትልልቅ መርከቦች ያዙት።

በ1980ዎቹ በትንንሽ ጀልባ ዳር ዳሩን የሚያጠምዱት ሰዎች "ዓሣው እያነሰ ነው፣ እየደቀቀም ነው" ብለው ጮኹ። ከማንም አልሰሙትም፤ መረባቸው ውስጥ አይተውት ነው። የመንግሥት ባለሙያዎች ስሌት ግን ዓሣው ገና ብዙ ነው ይል ነበር። ስሌቱ ከተመሠረተባቸው ነገሮች አንዱ ትልልቆቹ መርከቦች የሚያመጡት ምርት ነው። መርከቦቹ ደግሞ የቀረው ዓሣ የት እንደተሰበሰበ በመሣሪያ ፈልገው ያገኙታል። ስለዚህ ባሕሩ እየተራቆተም የእነሱ መረብ ይሞላል። የእኛም ሪፖርት እንዲህ አይደለም ወይ? "ምርት በዚህን ያህል ጨመረ" ይባላል፣ ይጨበጨባል። ከምን ተሟጦ እንደጨመረ የሚጠይቅ የለም።

ጁላይ 2 ቀን 1992 ሚኒስትሩ ጆን ክሮዝቢ ኮድ ማጥመድ ለሁለት ዓመት መታገዱን ተናገሩ። ሰውዬው ራሳቸው የዚያው አገር ልጅ ነበሩ። 30 ሺህ ገደማ ሰው ከሥራ ውጭ ሆነ። መግለጫው በሚሰጥበት ሆቴል የተቆጡ ዓሣ አጥማጆች በሩን ገንጥለው ሊገቡ ታገሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ከበሩ ጀርባ ግን ዓሣ አልነበረም።

ሁለት ዓመት የተባለው እገዳ 32 ዓመት ፈጀ። የተነሣው በ2024 ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ያቺ "ሁለት ዓመት" የምትባል ቃል ናት። ሁለት ዓመት የተባለ ሰው ጀልባውን አይሸጥም። ልጁን ሌላ ሙያ አያስተምርም። ይጠብቃል። እኛስ ስንት ጊዜ "በመጪው ዓመት ይስተካከላል" ተብለናል? ያንን የነገሩንን ሰዎች ደግሞ ምርጥ ሰው አልናቸው። እውነቱን የነገረንን "ሟርተኛ" አልነው።

አውቀን ነው የምንዘናጋው ስል ያልተዋጠለት ካለ የፎቶ ፊልም ይሸጥ የነበረውን የአሜሪካ ኩባንያ ኮዳክን ይመልከት። በ1975 ስቲቭ ሳሰን የሚባል ወጣት መሐንዲስ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። የሠራው ተፎካካሪ ቤት ሄዶ አይደለም። እዚያው የኮዳክ ከተማ ሮቸስተር፣ እዚያው ኮዳክ ውስጥ ነው። ዕቃው 3.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አንዷን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። ፊልም ለሚሸጥ ድርጅት ፊልም የማይፈልግ ካሜራ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠለት። ድርጅቱ ግን ትርፉ ከፊልም ነበርና ፊልሙን ይዞ ቀጠለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ከተማዋም ብትሆን ደልቷት ነበር። ኩባንያው በየዓመቱ ለሠራተኛው ቦነስ ይከፍላል። ነጋዴው፣ የመኪና ሻጩ ሳይቀር፣ ያቺን ቀን ጠብቆ ነው ገበያውን የሚያደምቀው። በ1982 ኮዳክ በሮቸስተር አካባቢ ብቻ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ቀጥሮ ያሠራ ነበር። በጃንዋሪ 2012 ዕዳው አናቱ ላይ ወጥቶ ከአበዳሪዎቹ ከለላ ፍለጋ ፍርድ ቤት ቆመ።

ሮቸስተር ግን ጨርሳ አልጠፋችም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የኮዳክ መሥራች ጆርጅ ኢስትማን በሕይወት ሳለ፣ ፊልሙ እንደ ጉድ በሚሸጥበት ዘመን፣ ከሀብቱ ብዙ ገንዘብ ለከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ሰጥቶ ነበር። ሰውዬው የሞተው በ1932 ነው። ዛሬ የከተማዋ ትልቁ ቀጣሪ ያ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከነሆስፒታሉ። ችግር ሲመጣ ተሯሩጦ የተዋጣ ገንዘብ አይደለም። በደጉ ጊዜ፣ ማንም ሳይቸገር፣ ከፊልም ሌላ ነገር ላይ የዋለ ገንዘብ ነው። የእኛ ደግ ዘመን ገንዘብ የት ገባ? እስቲ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ።

"የእኛ ምርት ተፈላጊ ነው፣ ዓለም ያለ እሱ አይኖርም" የሚሉም አሉ። ቺሊዎችም ይህንኑ ብለው ነበር። ከአታካማ በረሃ የሚወጣው ናይትሬት ማዳበሪያ ሆኖ የዓለምን እርሻ ይመግብ ነበር፤ ለባሩድም የሚፈለግ ነው። ከዚያ ፍሪትዝ ሃበር የሚባል ጀርመናዊ በ1909 ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ አሞኒያ፣ ማለትም የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ፣ ሠራ። በ1913 ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ከአየር! በረሃው ውስጥ ሐምበርስተን የምትባለው የናይትሬት ከተማ ዛሬ ባዶዋን ቆማለች። ቱሪስት ይጎበኛታል።

ሩር የሚባለው የጀርመን የድንጋይ ከሰል አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል፣ አንድ ሥራ እንዴት ሌላውን እንደሚያፍን። የድንጋይ ከሰሉ ችግር በ1958 ጀመረ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ እንኳን ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። የመጀመሪያው፣ ቦሁም በምትባለው የዚያው አካባቢ ከተማ ያለው፣ በሩን የከፈተው በ1965 ነው። ከሰል ቆፋሪ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርግለታል ተብሎ ነዋ። መሬቱም በከሰልና በብረት ኩባንያዎች እጅ ነበር። ለሌላ ቀጣሪ መሸጥ አይፈልጉም ነበር፤ ሌላ ቀጣሪ ከመጣ ሠራተኛው ይሄድባቸዋል። የመጨረሻው ጥልቅ ማዕድን የተዘጋው በዲሴምበር 2018 ነው። ከ1958 ጀምራችሁ ቁጠሩት። 60 ዓመት! ያውም ሀብታም መንግሥት ከኋላቸው ሆኖ።

ቦሁም ላይ ሌላም ጉድ አለ። ከሰሉ ሲደክም ኦፔል መጣላቸው። በ1962 የመኪና ፋብሪካ ተከፈተ። እልልታ ሆነ። ያ ፋብሪካ በ2014 ተዘጋ። እኛም ዛሬ አፋችንን ከፍተን የምንጠብቀው ይህንኑ ነው፤ አንድ ትልቅ ኢንቨስተር መጥቶ እንደ ድሮው ሁላችንንም እንዲቀጥረን። ሲመጣ ደግሞ መሬቱን በነጻ፣ ግብሩን በነጻ እንሰጠዋለን። አሮጌውን ጌታ በአዲስ መቀየር ካማረን ያው ነው። እኔን ግን ስልችት ብሎኛል።

ሥራው ይዘጋ አላልኩም። ከነገ ጀምሮ ሁላችሁም ውጡ ማለቴም አይደለም። ገና የሚያበላን እሱ ነው። እኔ የምቆጣው ገንዘቡ እየገባ ሳለ ስለምናደርገው ነገር ነው። ከሥራው ወጥቶ ትንሽ ነገር የጀመረውን ልጅ "ደመወዝ ትቶ ምን ነክቶት ነው" ብለን አልሳቅንበትም? ሲከስር ደግሞ "ብለን ነበር" አላልንም? አንድ ጊዜ በከሰረው ሰው ላይ አሥር ዓመት የምናወራ ሰዎች፣ በየዓመቱ ለሚከስረው ትልቁ ድርጅት ድጎማ ይሰጠው ብለን ሰልፍ እንወጣለን።

ወላጆችም አላችሁበት። ልጃችሁ ሌላ ሙያ ልማር ሲላችሁ "እዚያ እኮ ሰው አለን፣ እናስገባሃለን" አላችሁት። ሰዎቻችን ራሳቸው መውጫቸው እየተቃረበ ነው። ሃያ ዓመት የማይቆይ ወንበር ለሃያ ዓመት ልጅ ታወርሳላችሁ?

የሠራተኛ ማኅበር መሪዎችም ስሙኝ። ቅነሳ ሲመጣ የካሳ ክፍያ እንዲጨምር ትታገላላችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ። ግን ካሳው በእጁ የገባለት ሰው በማግስቱ ምን ይዞ ይነሣል? ሠራተኛው ገና ሥራ ላይ እያለ፣ በድርጅቱ ወጪ፣ ሌላ ሙያ እንዲማር ለምን ጥያቄ አላቀረባችሁም? ብየዳ የሚችል፣ ኤሌክትሪክ የሚችል፣ ሞተር የሚፈታ ሰው ሞልቶናል። ያ ሙያ ከድርጅቱ አጥር ውጭ ምን ሊሠራ እንደሚችል ቁጭ ብሎ ያሰበ አለ?

በየስብሰባው አንድ ሰው አይጠፋም፣ ከኋላ ወንበር። እጁን ያወጣና "ይህ ነገር ቢቆም ምን እንበላለን?" ይላል። አዳራሹ ያጉረመርማል። ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል። "አስተያየትህን በጽሑፍ አቅርብ" ይባልና ማይኩ ይወሰድበታል። ባለፈው ያንን ሰው ዝም በል ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሲነሣ ማይኩን አትውሰዱበት። ይጨርስ። ከዚያም መልስ ስጡት፣ በቁጥር።