ኮዱ «ይሄን ቀይር» አይልም
ስለ መኪና የብልሽት ኮድ (የመኪናው ኮምፒውተር ችግር ሲያይ የሚመዘግበው ምልክት) የወጣው ጽሑፍ «ኮዱ የተበላሸውን ዕቃ ይነግርሃል» ያለው ላይ አልስማማም። ካዛንቺስ ትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ ሳለ የኮሮላዬ ቼክ ኢንጂን (የሞተር ችግር ማስጠንቀቂያ መብራት) በራ። ቤት ገብቼ ከመሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ ኮዱን አንብባ ወደ ስልክ የምትልከውን የብሉቱዝ መሣሪያ ሰካሁ፤ ስልኬ ላይ ፒ0171 መጣ። ለነዳጁ አየሩ በዝቷል ማለት ነው። አየሩ በየት እንደገባ ግን አይናገርም። መካኒኩ ኮዱን ብቻ አይቶ «ኦክስጅን ሴንሰር ነው፣ ሶማሌ ተራ ሂድና ግዛ» አለኝ። በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ይህን ዕቃ ገዝቼ አስቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ መጣ! ለካ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል፤ በእጅ ካልለጠጡት አይታይም። ጽሑፉ ሥር በአስተያየት «ኮዱን አጥፋውና ንዳ» ላልከው ወንድሜ፦ ኮዱን ስታጠፋው ችግሩ ሲከሰት የተመዘገበው የሞተር ሙቀትና ዙርም አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ፎቶ አንሳው።