ድምፁ የሚታወቅ፣ ስሙ የማይታወቅ

ፓሪስ ውስጥ የሚያድጉ የሀበሻ ልጆች ሽሬክን ሲያዩ የምትለፈልፈዋን አህያ የሚሰሟት በአንድ አፍሪካዊ ስደተኛ ድምፅ ነው። ሰውየው ሜድ ሆንዶ ይባላል። በ1936 ሞሪታኒያ ተወለደ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)፣ ሞሮኮ የምግብ ዝግጅት ተማረ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ በማርሴይ በኩል ፈረንሳይ ገባ። ምግብ አበሰለ፣ ወደብ ላይ ጭነት ተሸከመ፣ በአስተናጋጅነት ሠራ። ትያትር የተማረው ከዚያ በኋላ ነው።

ኤዲ መርፊ በፈረንሳይኛ ሲያስቅ ለብዙ ዓመታት የሚሰማው የሜድ ሆንዶ ድምፅ ነበር። የላየን ኪንጉ ራፊኪም እሱ ነው። እሱ ግን ከምንም በፊት ፊልም ሠሪ ነበር። በ1970 የወጣው «ሶሌይ ኦ» አፍሪካዊ ስደተኛ ፓሪስ ላይ የሚደርስበትን ሳይሸፋፍን አሳየ፤ «ሳራውኒያ» ደግሞ በ1987 ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን፣ ማለትም የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን፣ ታላቅ ሽልማት ወሰደ። ቅኝ ገዢነትን ፊት ለፊት ለሚናገር ፊልም ኪሱን የሚፈታ ባለሀብት በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ሆሊውድን ፈረንሳይኛ እያናገረ ያገኘውን ገንዘብ የራሱን ፊልሞች ሠራበት። በስደት ላይ ስላለ ሰው ከሰማኋቸው ታሪኮች ሁሉ ይሄኛውን አብልጬ እወደዋለሁ።

ይህን ማድረግ የቻለው ዳቢንግ፣ ማለትም የፊልምን ንግግር በሌላ ቋንቋ ድምፅ መተካት፣ ፈረንሳይ ውስጥ የሚያኖር ሙያ ስለሆነ ነው። ተዋናዩ ስቱዲዮ ውስጥ አግዳሚ ብረት ፊት ቆሞ ስክሪኑን ያያል። ከምስሉ ሥር «ባንድ ሪትሞ» የሚሉት ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ቃሉ ቀጥ ብላ የቆመችው መስመር ላይ ሲደርስ ከተዋናዩ አፍ መውጣት አለበት። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው ቃሉን ከጎተተው ጽሑፉም ተለጥጦ ይመጣል፤ ከተጣደፈ ፊደሎቹ ይጠጋጋሉ። ለሳቅና ለትንፋሽ እንኳ ምልክት አለው። ይህን ጽሑፍ ከከንፈር ጋር የሚያገጣጥሙ ራሳቸውን የቻሉ ባለሙያዎች አሉ።

ክብሩ ግን በነፃ አልመጣም። በ1994 መገባደጃ ላይ የዳቢንግ ተዋናዮቹ ሥራ አቁመው ነበር። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ፊልሙ በቴሌቪዥን በተደገመ ቁጥር ለእኛም ይከፈለን። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2005 ስምምነት ላይ ተደረሰ።

አገር ቤት ቃና ቴሌቪዥን በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር የተነሳውን ሙግት እናስታውሳለን። የፊልም ባለሙያዎቻችን በአማርኛ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎች ሥራችንን ይወስዱብናል ብለው ተቃወሙ። ስጋታቸው ይገባኛል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ግን አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ተዘግተው በሰው ምስል ላይ ሲያለቅሱና ሲስቁ የሚውሉትን ወጣቶች ያነሳቸው ጥቂት ነው። እህቴ የድራማውን ሰዎች እንደ ጎረቤቶቿ ታወራልኛለች፤ «ድምፁን የሠራችው ልጅ ማን ናት?» ስላት አታውቅም። ፈረንሳይ ውስጥም ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል ማለቴ አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ፈረንሳይ ስሙ የማይታወቀውም ቢሆን መብቱ የተጻፈለት መሆኑ ነው።

እኛ የድምፅን ዋጋ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የሰማ ሰው ዛሬም በዛብህን ሲያስብ የወጋየሁ ድምፅ ይመጣበታል። ሕግም አለን፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች፣ ማለትም ሥራን ለሚጫወቱ እንደ ተዋናይና ዘፋኝ ላሉ ሰዎች፣ መብት ይሰጣል። በእኔ እምነት የዳቢንግ ተዋናይ ከዋኝ ነው፤ ድራማው በተደገመ ቁጥርም ድርሻው ሊታሰብለት ይገባል።

ጉዳዩ አሁን አጣዳፊ ሆኗል። የሲልቬስተር ስታሎን የፈረንሳይኛ ድምፅ የነበረው አለን ዶርቫል በ2024 ሞተ። ዓመት ሳይሞላው ድምፁን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ቀድተው ለስታሎን አዲስ ፊልም ሊያውሉት መሆኑ ተነገረ፤ ልጁ «የተስማማነው ለሙከራ ብቻ ነው» ብላ በአደባባይ ተቃወመች። ነገ አማርኛም ላይ ይደርሳል። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ገብታችሁ ውል የምትፈርሙ ልጆች፣ ድምፃችሁ ማሽን ማሠልጠኛ ይሁን አይሁን የሚል አንቀጽ መኖሩን አንብቡ። ከሌለ ይጻፍልን በሉ፤ ተሰብስባችሁ ብትጠይቁ ደግሞ ይበልጥ ትሰማላችሁ።